ወደብ ላይ ቆሞ ለሚውለው መርከብ ማን ይክፈል?

የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ሁሌም የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ይሄ መኪና ዓመቱን ሙሉ ስንት ቀን ሠራ?» ጥገና ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አንዲት የጥገና መኪና ነበረችን። መሰላሉ፣ ገመዱ፣ መፍቻው ተጭኖባት ትጠብቃለች። ብልሽት ከሌለ ትቆማለች። አለቆቻችን መቆሟን እንደ ብክነት ቆጠሩትና ለሌላ ሥራ ወሰዷት፣ ሹፌሩም አብሮ ሄደ። ሁለት ወር ሳይሞላ መስመር ተበጠሰ። የሰው መኪና ለመለመን ስንሯሯጥ የዋልንበት ቀን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለ ባሕር ሥር የቴሌግራፍ ኬብሎች ማንበብ ስጀምር ያንኑ ጥያቄ አገኘሁት። የሚጠይቁት መንግሥታት ናቸው፣ የሚጠየቅላት ደግሞ መርከብ ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የኬብል መርከብ እንደ ሌላው መርከብ ጭነት አመላልሳ ገንዘብ አታመጣም። ሆዷ ውስጥ ትልልቅ ክብ ገንዳዎች አሉ፣ መለዋወጫ ኬብሉ እዚያ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የድሮው ኬብል ሽፋኑ ጉታ ፐርቻ የሚባል የዛፍ ሙጫ ስለነበር እንዳይደርቅ ውኃ ውስጥ መዋል ነበረበት። አፍንጫዋ ላይ ኬብሉ የሚያልፍበት ግዙፍ መዘውር አለ። ኬብል ሲበጠስ የየብስ ባለሙያዎች በኤሌክትሪክ ልኬት ቦታውን ይገምታሉ፣ መርከቧም ሄዳ ረጅም ገመድ ላይ የታሰረ መንጠቆ ባሕሩ ወለል ላይ እየጎተተች ኬብሉን ታጠምዳለች። አንዳንዴ ቀናት፣ ማዕበል ካለ ሳምንታት ይፈጃል። ይሄ ሁሉ እንግዲህ ብልሽት ሲኖር ነው። ብልሽት በሌለበት ወር ደግሞ መርከበኛው ደመወዙን ይበላል፣ የመርከቧ አካል ይፋቃል፣ ቀለም ይቀባል፣ ገንዳው ውኃ ይሞላል። በእኛ አባባል መደበኛ በጀት የሚሉት ይሄንን ነው፤ ሪባን የማይቆረጥለት ገንዘብ።

መንግሥት ይሄንን ሳያስብ ሲቀር ምን እንደሚመጣ በደንብ ያሳየው የኛው ቀይ ባሕር ነው። በ1857 ሕንድ ውስጥ አመፅ ሲነሳ ወሬው ለንደን እስኪደርስ ከወር በላይ ፈጀ። የእንግሊዝ መንግሥት ደነገጠ። ከስዊዝ ተነስቶ በሱዋኪንና በኤደን አልፎ ያኔ የሕንድ ግዛት እስከነበረችው ካራቺ የሚደርስ ኬብል ለሚዘረጋ ኩባንያ ዋስ ሆነ። 800,000 ፓውንድ ካፒታል፣ በየዓመቱ 4.5 በመቶ ክፍያ፣ ለ50 ዓመት፣ ኬብሉ ቢሠራም ባይሠራም! ኬብሉ በ1859 እና በ1860 ተዘረጋና ብዙም ሳይቆይ እየተበጣጠሰ ሞተ። በጣም ተወጥሮ ስለተዘረጋ ባሕሩ ሥር ከጉብታ ጉብታ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ዛጎል ተጣበቀበት፣ ክብደቱን መሸከም አቃተው። መንግሥት ግን በየዓመቱ 36,000 ፓውንድ መክፈል ነበረበት፣ ለሞተ ገመድ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ። እኔን የሚያናድደኝ የገንዘቡ መጠን አይደለም። ውሉ ለባለ አክሲዮኑ ትርፍ ዋስትና ሲሰጥ ለኬብሉ ሥራ ምንም ዋስትና አለመጠየቁ ነው። ዛሬም ስንት ፕሮጀክት እንዲህ ይፈረማል።

ትምህርቱ ግን ገብቷቸዋል። በ1864 የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ኬብል ሲዘረጋ ባለቤቱ ራሱ በእንግሊዝ ሥር የነበረው የሕንድ መንግሥት ሆነ። ካራቺ ላይም የራሱን የጥገና መርከብ አቆመ፣ መጀመሪያ አምበርዊች፣ በኋላ በ1879 ፓትሪክ ስቲዋርት የተባለችውን።

ጣሊያኖች ሌላ መንገድ ያዙ። በ1880ዎቹ ኬብል ከሚሠራው ፒሬሊ ከተባለው የአገራቸው ኩባንያ ጋር ሲዋዋሉ ኩባንያው «ቺታ ዲ ሚላኖ» የተባለችውን የኬብል መርከብ አቀረበ፣ መርከበኞቹን ደግሞ የባሕር ኃይሉ ሰጠ። ምፅዋንና አሰብን በባብ ኤል መንደብ ካለችው ከፔሪም ደሴት ጋር ያገናኘውን ኬብል የዘረጋውም ያው ፒሬሊ ነው።

እኔ በጣም የወደድኩት ግን የፓሲፊክ ውቅያኖሱን ኬብል ነው። ከካናዳ ባምፊልድ እስከ ፋኒንግ ደሴት ያለው አንዱ ክፍል ብቻ ከ3,400 የባሕር ማይል በላይ ነው፤ ከዚያ በፊጂና በኖርፎክ ደሴት አድርጎ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ይገባል። ለብቻው የሚደፍረው መንግሥት አልተገኘም። ስለዚህ ወጪውን ለ18 ከፈሉት። እንግሊዝ 5፣ ካናዳ 5፣ ከአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ቪክቶሪያና ኩዊንስላንድ እያንዳንዳቸው 2፣ ኒውዚላንድም 2። መስመሩ በ1902 ሲከፈት የጥገና መርከቡም አብሮ ነበር፣ አይሪስ ትባላለች፣ ኒውዚላንድ ውስጥ ኦክላንድ ላይ ትቆም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገቢው ወጪውን አልሸፈነም፣ ጉድለቱንም በዚያው ድርሻቸው ተካፍለው ከፈሉ። ሰው ሲዋዋል ትርፉን እንዴት እንደሚካፈል ቶሎ ይጽፋል፣ ኪሳራውንና የጥበቃውን ዋጋ ግን ማንም መጻፍ አይወድም። እነዚህ ጽፈውታል።

ቆማ የምትውል መርከብ ምን እንደምትጠቅም አስቀድሞ ማወቅም አይቻልም። በታኅሣሥ 1917 ከኦክላንድ አጠገብ ካለች ደሴት ከእስር ያመለጠውን ጀርመናዊ የባሕር ኃይል መኮንን ፌሊክስ ፎን ሉክነርን ተከታትላ ከርማዴክ ደሴቶች አካባቢ የያዘችው አይሪስ ናት። ከዚያ ቀደም ብሎም የእንግሊዝ ፖስታ ቤት መርከብ አለርት፣ እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ባወጀች በማግስቱ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1914፣ የጀርመንን ኬብሎች ከባሕር አውጥታ ቆርጣለች። ያን ቀን መርከብ ልከራይ ብሎ ጨረታ የሚያወጣ መንግሥት ቢሆን ኖሮ ዕድሉ ያመልጠው ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው።

ቴሌግራፉ ሄዶ በቦታው የመስታወት ክር (ፋይበር ኦፕቲክ) መጣ፣ ጥያቄው ግን አልሄደም። አሜሪካ በ2021 ሁለት የኬብል መርከቦችን መዝግባ በዓመት ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ዶላር መክፈል ጀመረች፣ ስትፈልጋቸው እንዲገኙ ብቻ። ሌሎቹ የኬብል ባለቤቶች በየቀጣናው ተደራጅተው ብልሽት ኖረም አልኖረም ለተጠባባቂ መርከብ በየዓመቱ ያዋጣሉ። ይሄ ልክ ነው እላለሁ። የእሳት አደጋ መኪናን «ዘንድሮ ስንት እሳት አጠፋህ?» ብለን በጀቱን አንቆርጥም።

እኛ ወደብ የለንም። ኢንተርኔታችን ግን በጅቡቲ በኩል ወደዚያው ባሕር ይወርዳል። በየካቲት 2024 ቀይ ባሕር ውስጥ ሩቢማር የተባለች መርከብ ተመትታ መልሕቋን እየጎተተች ስትንሳፈፍ፣ በዚያው ሰሞን ሦስት ኬብሎች ተበጠሱ፣ መልሕቋ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ጥገናው ወራት ፈጀ፤ መርከብ ማግኘት ብቻ ሳይሆን ጦርነት ያለበት ውኃ ውስጥ ገብቶ ለመሥራት ፈቃድና ኢንሹራንስም ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ የባንድዊድዝ (የኢንተርኔት አቅም) ውል ሲፈረም ከዋጋውና ከጊጋቢቱ ቀጥሎ እኔ የምጠይቀው ይሄን ነው፦ የጥገና መርከቧ የት ወደብ ናት፣ ስንት ቀን ይፈጅባታል፣ ምንም ባልተበጠሰበት ወር የመርከበኞቹን ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው?