የአምስት ዓመቱ ባዶ መስመር

ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ድብርት ይዞኛል። በዝናቡ እንዳላሳብብ፣ ጎንደር በሐምሌ መዝነቧ አዲስ ነገር አይደለም። ፒያሳ ወጥቼ የክፍት ሥራ ማስታወቂያዎችን ሳነብ ቆየሁና አንድ የማመልከቻ ቅጽ ይዤ ተመለስሁ፤ በቅጹ መጨረሻ ላይ «ከአምስት ዓመት በኋላ የት ለመድረስ አቅደዋል?» የሚል ጥያቄና አንድ ባዶ መስመር አለ። እንደ ሁልጊዜው «የፋይናንስ ኃላፊ» ብዬ ልሞላው ስል፣ በእኔና በዚያ ወንበር መካከል ምን ምን እንዳለ ብጠየቅ የምመልሰው እንደሌለኝ ታወቀኝ።

አጎቴ ትዝ ያለኝ በዚህ ጊዜ ነው። አኩፋዳውን አንግቶ ከቤቱ ሲወጣ «መሪጌታ እሆናለሁ» ብሎ እንዳልተነሣ ደጋግሞ ነግሮናል፤ የዚያን ጊዜ ሐሳቡ ዳዊት መድገም ብቻ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ የአብነት ትምህርት እያንዳንዱን ደረጃ ከነማብቂያው ያስቀመጠ በመሆኑ፣ ከዜማው ትምህርት ድጓ የዘለቀ ተማሪ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋስዕት የተማረ ዙር አምባ፣ አቋቋም ያጠና ደግሞ እዚሁ ጎንደር በአታ ሄዶ ያስመሰክራል። ቀጥሎ የማንን ደጅ እንደሚጠና ያውቃል፤ የጀመረውን መጨረሱንም የሚናገርለት ራሱ ሳይሆን መምህሩ ነው። ነገሩ ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም፤ አጎቴ ስለ መንደር ውሻና ስለ ቁንጫ ከጀመረ ቡናው በረካ ይደርሳል።

የእኔን የሂሳብ ሙያ በዚህ ዓይን ሳየው፣ «ኃላፊ» ከማለት በፊት ሊመሰከርባቸው የሚችሉ ብዙ ሥራዎች አሉ። የባንክ ሂሳብን ከመዝገብ ጋር ማስታረቅ፣ በየወሩ የሥራ ግብርንና የተጨማሪ እሴት ታክስን በጊዜው ማሳወቅ፣ ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ጎረቤት ሳይጠሩ መሥራት፣ ከዚያም የአንድን ድርጅት ሂሳብ ሰኔ 30 ላይ ዘግቶ ኦዲተር ፊት ማቅረብ። አንድ የበጀት ዓመት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጁ ያለፈ ጀማሪ፣ በእኔ ግምት፣ ዲግሪ ብቻ ከያዘው ይልቅ የሚናገረው ነገር አለው።

ምስክሩ ግን ወረቀትም ይፈልጋል። አዘዞ ባለው የአክስቴ ልጅ ሱቅ መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ፤ በዚያ የተማርሁት ብዙ ነው፣ የሚከፍለኝም አይከፋም። ሆኖም ማስታወቂያዎቹ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ እንዲሆን ስለሚያዝዙ፣ ያ ሁሉ ሥራ በእነሱ ዘንድ ዜሮ ዓመት ነው። ስለዚህ ደመወዙ ከሱቁ ቢያንስ እንኳ ግብር እየቆረጠ በስሜ የሚያስገባ፣ ሥራ ስለቅቅ ደግሞ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ አነስተኛ ድርጅት መፈለግ ይሻለኛል ወደሚለው አዘነበልሁ። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ሌላ ድርጅት እስካገኝ ድረስ ባልነግረውስ?

ባዶው መስመር ላይ እንግዲህ «በአምስት ዓመት ውስጥ የአንድ መካከለኛ ድርጅትን ሂሳብ ያለ ረዳት የምዘጋ ባለሙያ መሆን» ብዬ ልጽፍ ነው። ለቀጣሪው ይበቃው ይሆናል። ለእናቴስ? ከተመረቅሁ ጀምሮ «ባንክ ግቢልኝ» እንጂ ሌላ ጸሎት የላትም። ጎረቤቶች «ልጅሽ የት ገባች?» ሲሏት «የባንክ ሂሳብ እያስታረቀች ነው» ብላ ትመልስ? ከመጀመሪያዋ ቃል ወዲያ ያለውን ባይሰሟት ሁላችንም እናርፍ ነበር።