ሂሊየም ቢጠፋ በናይትሮጅን፦ ስስ ማግኔትን በብርሃን ማየት

«የአቶሞች ንብርብር ያህል የሳሳ ማግኔት ላጠና ነው» ስል ሁሌም የሚከተለው ጥያቄ «ለማቀዝቀዣ የሚሆን ሂሊየም ከየት ታመጣለህ?» ነው። ጠያቂዎቹ ልክ ናቸው። በ2017 ስሙ የገነነው ክሮሚየም ትራይአዮዳይድ ነጠላ ንብርብሩ ማግኔት የሚሆነው ከ45 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 228 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) በታች ነው። አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ እዚያ ቅዝቃዜ ለመድረስ አቅሙም መሣሪያውም የለኝም። ስለዚህ ነገሩን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ያለኝን ቅዝቃዜ አየሁ፣ ከዚያ ለሱ የሚሆን ክሪስታል መረጥኩ።

ፈሳሽ ናይትሮጅን ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ለከብት ማዳቀያ የኮርማ ዘር የሚቀመጠው በሱ ነው። መጽሐፍ ላይ በ77 ኬልቪን ይፈላል ይላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ መፍያውም ወደ 75 ይወርዳል። ሁለት ዲግሪ በነጻ! የመረጥኩት የብረት፣ የፎስፈረስና የሰልፈር ውህድ ደግሞ ስፒኖቹ (የአቶሞቹ ጥቃቅን ማግኔቶች) የሚሰለፉት በ118 ኬልቪን ገደማ ነው። ነጠላ ንብርብር ሲሆንም ያው ነው ማለት ይቻላል፤ ይህ በ2016 በራማን ልኬት፣ ማለትም የሚበተነውን ብርሃን የቀለም ለውጥ በመለካት፣ ታይቷል።

ንብርብሩን የላጥኩት ከሱቅ በሚገዛ ስኮች ነው። በ2004 ግራፊንም የተላጠው እንዲሁ ነው። ሲሊከን ላይ ታሳርፉና በማይክሮስኮፕ ትፈልጋላችሁ። ትዕግስት ነው የሚጠይቀው።

ዋናው ብርሃኑ ነው። የዚህ ውህድ ስፒኖች ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች ስለሆኑ ድምሩ ዜሮ ነው። ተራ የማግኔት መለኪያ ምንም አያገኝበትም። አረንጓዴ ሌዘር ሲያርፍበት ግን አብዛኛው ብርሃን በመጣበት ቀለም ይበተናል፤ እጅግ ጥቂቱ ከአቶሞቹ ንዝረት ጋር ጉልበት ተለዋውጦ፣ ቀለሙን ቀይሮ ይወጣል። ስፒኖቹ ሲሰለፉ ክሪስታሉ ራሱን የሚደግምበት ርቀት እጥፍ ይሆናል። ያኔ ተደብቀው የነበሩ ንዝረቶች ብቅ ይላሉ። ስክሪኑ ላይ ሞቅ ባለበት ሰዓት 100 የሞገድ ቁጥር (የቀለሙ ለውጥ መለኪያ) አካባቢ የተንጣለለ ጉብታ ብቻ ነበር። ከ118 ወረድ ስል 88 እና 95 አካባቢ ሹል ጫፎች ወጡ። ደስ አይልም?

ቴርሞሜትሩን ግን ዝም ብላችሁ አትመኑ። እሱ የተገጠመው ማቀዝቀዣው ብረት ላይ ነው፤ ሌዘሩ የሚያሞቀው ስሷን ቅንጣት ነው። የሌዘሩን ኃይል በግማሽ ቀንሳችሁ ልኬቱን ድገሙት። ጫፎቹ ይበልጥ ከሾሉ፣ ቀድሞ እያሞቃችኋት ነበር ማለት ነው። እኔ ከ100 ማይክሮዋት አልፍም። ምልክቱ ስለሚደክም ረጅም ሰዓት መጠበቅ አለ፤ መሃል ላይ ደግሞ መብራት ይሄዳል። ናይትሮጅኑ መብራት አይፈልግም፣ ቅዝቃዜው ይቆያል። ሌዘሩ ሲመለስ ግን መለኪያው እንዳልተዛባ ለማረጋገጥ፣ የሲሊከኑ ጫፍ 520 የሞገድ ቁጥር ላይ መሆኑን ሳላይ አልቀጥልም።

ቀጥዬ የማየው በብረቱ ፋንታ ኒኬል ያለበትን ዘመዱን ነው። ወፍራሙ በ155 ኬልቪን ገደማ ይሰለፋል፤ ነጠላ ንብርብሩ ላይ ግን ሰልፉ እንደሚፈርስ ተዘግቧል። ለሱም ናይትሮጅን ይበቃል።