«ተገላገልክ» ላላችሁኝ

ልጄን የቀበርኩ ሰሞን «እሱም አረፈ፣ አንተም ተገላገልክ» ያሉኝ ነበሩ። ለማጽናናት ብለው ነው፣ ክፋት የለውም። እኔ ግን የተገላገልኩት ነገር የለም። ድካሙማ ነበረ፤ ወገቤ ይመስክር። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ልጅ ለሚያሳድግ ወላጅ ነው።

ማሙሽ ሴሬብራል ፓልሲ ነበረበት። አንጎል ገና ሳይጠና፣ በማህፀን፣ በምጥ ወይም ከተወለዱ በኋላ ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። እርግማን ነው ያለም፣ ቡዳ ነው ያለም አልጠፋም። ጠበል ወሰድነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በቡናው ዱዓ አደረጉለት። ወሎ ነውና ሁለቱንም አሜን ብለን ተቀበልን። ሐኪም ቤቱንም አልተውንም።

ትልቁ ትግል ምግብ ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ልጅ አጋድሞ ነው የሚያጎርሰው። አደገኛ ነው፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባና የሳንባ ምች ያመጣል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ «ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት» አለችን። በምን ላይ? አናጢ ጎረቤቴን ለምኜ ከኮምፔርሳቶና ከፍራሽ ስፖንጅ ወንበር ሠራን። መደገፊያው ቀጥ ያለ፣ ዳሌው ላይ ቀበቶ፣ እግሩ እንዳይንጠለጠል መርገጫ። ጭኖቹ እንደ መቀስ ስለሚጠላለፉ በመሃላቸው ስፖንጅ የለበሰ እንጨት። ከፊቱ ክንዱን የሚያሳርፍበት ጠረጴዛ። መርገጫውን በሚስማር ሳይሆን በብሎን እሰሩት፤ ልጅ ያድጋል፣ ዝቅ ታደርጉታላችሁ።

ሲበላ አገጩን ትንሽ ወደ ደረቱ ዝቅ እናደርጋለን። ቀጭን ነገር ያስለዋል፣ ወፈር ያለ ይሻለዋል፤ ለስለስ ያለ ገንፎ፣ በደንብ የራሰ ፍትፍት። የጎረሰውን ሳይውጥ ሌላ ጉርሻ የለም። የጎረቤት ቡና ከአቦል ተነስቶ በረካ ሲደርስ የእኛ ምሳ ገና አያልቅም ነበር። ከበላ በኋላም ለግማሽ ሰዓት ያህል አናስተኛውም።

የሚጥል በሽታም ነበረበት። እዚህ ላይ ቆጣ ልበል። ክብሪት የሚጭር፣ በጥርሱ መሃል ማንኪያ ልክተት የሚል ሰው አይጠፋም። እሺ እንዳትሉ። በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ጋቢ አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ብረሩ። መድኃኒቱን ደግሞ «ተሽሎታል» ብላችሁ ድንገት እንዳታቋርጡ፤ ይብስበታል።

የደሴ ብርድ ጡንቻውን ያገትረው ነበር። ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ካጠብኩት በኋላ ነው እግሩን ቀስ እያልኩ የምዘረጋው። ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ስንወርድ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ሰውነቱን ያፍታታለታል። እዚያ መውረድ በሚኒባስ ይቻላል። የሚያስቸግረው ቢሮ መግባት ነው። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ ይሁን ብሎ ነበር፤ ደረጃው ግን አዋጅ አያነብም። አዝዬው እወጣለሁ።

ሌላው ነገር፣ ልጃችሁን ጓዳ አታስቀምጡት። ማሙሽ ቡና በተፈላበት ሁሉ ነበር። ሰው እሱን አልፎ «ምን ይወዳል?» ሲለኝ «ራሱን ጠይቀው» እላለሁ። አይናገርም እንጂ ይሰማል። ለ«አዎ» ዓይኑን ወደ ላይ ያነሳል፣ ለ«አይ» ፊቱን ያዞራል። ይህን ከሁላችንም ቀድማ ያወቀችው ታናሽ እህቱ ናት።

ዘፈንም የሚመርጠው በዚያው ነው። አንቺሆዬ ሲከፈት በሳቅ ፍርስ ይላል። አምባሰልን ግን፣ የገዛ አገሩን ቅኝት፣ አይወድም! እህቱ ይህን እያወቀች ሆን ብላ ትከፍትበታለች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው። እሷ ድምፁን ጨመር። ላስታርቅ መሃል ስገባ ሁለቱም በእኔ ይስቁብኛል።