ፀሐይን በ12 አጻጻፍ መፈለግ፦ የተማሪ መዝገብ ሥራችን የደረሰበት

የተማሪ መዝገብን ከወረቀት ፖስትግሬስ ወደሚባለው ዳታቤዝ የማዛወሩ ሥራ ትልቁን እንቅፋት ተሻግሯል። አሁን «ፀሐይ» ብሎ የፈለገም «ጸሃይ» ብሎ የፈለገም ያንኑ ፋይል ያገኛል። ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ የጀመራችሁ ከዚህ ብትነሱ ብዙ ቀን ታተርፋላችሁ።

መነሻውን ቶሎ ልለፈው። ከዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ሥርዓት) በፊት በነበሩ ፎንቶች የተተየበ ዝርዝር ሲታይ አማርኛ ይምሰል እንጂ ውስጡ የላቲን ኮድ ነው፤ አስቀድሞ በመቀየሪያ ፕሮግራም ይለፍ። ስም ሦስት ዓምድ ይኑረው፦ የተማሪ፣ የአባት፣ የአያት። የልደት ቀንን በዳታቤዙ የቀን ዓምድ አታስገቡ፤ የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጥቅምት 30ን፣ ማለትም 30/2ን፣ ፌብሩዋሪ 30 የለም ብሎ ይመልሰዋል፤ ይሄ ይሻላል፣ ቢያንስ ስህተቱ ይታያል። የካቲት 30ን ግን ጁን 30 ብሎ ዝም ብሎ ይቀበላል። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የቁጥር ዓምዶች ይቀመጡ። ጳጉሜን 6 የሚፈቀደው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ብቻ ነው፣ እንደ 2015 ዓ.ም.።

እልህ አስጨራሹ የሞክሼ ፊደላት፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ ሆኖ ቅርጻቸው የሚለያይ ፊደላት፣ ጉዳይ ነው። «ፀሐይ» በሁለቱ ጸ እና በስድስቱ ሀ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሲባዛ 12 አጻጻፍ አለው። ለኮምፒዩተሩ 12 የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ብዙ ቦታ የሚደረገው መዝገቡን ራሱን ወደ አንድ ፊደል መለወጥ ነው። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ድኅነትና ድህነት አንድ አይደሉም፤ ቤተሰብ ያወጣው ስምም ምስክር ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈ መውጣት አለበት። ስሙ እንዳለ ይቀመጥ፣ አጠገቡ ማንም የማያየው የፍለጋ ዓምድ ይኑር። ከ12ኛው የፖስትግሬስ ስሪት ጀምሮ ዓምዱ ራሱን በራሱ እንዲሞላ ማድረግ ይቻላል። ትራንስሌት የሚባለው ትዕዛዝ ደግሞ ሁለት የፊደል ረድፍ ተቀብሎ የመጀመሪያውን ረድፍ ፊደል በተተኪው ረድፍ አቻው በየተራው ይተካል። የሚተኩት፦ የሐ፣ የኀ፣ የሠ፣ የዐ እና የፀ ሰባት ሰባት ፊደላት፣ በመጨረሻ ሃ እና ኣ፤ በድምሩ 37።

ሁለት ነገር ያሳስታል። ትዕዛዙ የሚያልፈው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ሓን ወደ ሃ ብትልኩት እዚያው ይቀራል፤ ሓ እና ኃ በቀጥታ ወደ ሀ፣ ዓ በቀጥታ ወደ አ ይሂዱ። ሁለተኛው የከፋ ነው። በተተኪው ረድፍ ከሰ ቤት አንድ ፊደል ከጎደለ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ አንድ ቦታ ይንሸራተታል፦ «ፀሐይ» «ጹሀይ» ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ ያለው ኣ ደግሞ ተተኪ ስለሌለው ተሰርዞ «ኣለሙ» «ለሙ» ሆኖ ይቀራል። የስህተት መልእክት አይመጣም። የሁለቱን ረድፎች ርዝመት ሳትቆጥሩ አታስኪዱት። ይኸው ጠባዩ ይጠቅማልም፤ ባዶ ቦታንና ሰረዝን ያለ ተተኪ መጨረሻ ላይ ብትጨምሩ «ገብረ ሥላሴ» እና «ገብረሥላሴ» ይገናኛሉ። ፈላጊው የሚተይበው ቃልም በዚሁ ትዕዛዝ ማለፍ አለበት፤ ይህ ከተረሳ ዓምዱ ከንቱ ነው።

ምህጻረ ቃል ከዚህ ሁሉ በፊት ይፈታ። ግን ቅደም ተከተል አለው፦ ወ/ሮ፣ ወ/ሪት፣ መ/ርና ዶ/ር መጀመሪያ ካልወጡ ወ/ሮ «ወልደሮ» ይሆናል። ገ/ን ገብረ፣ ኃ/ን ኃይለ ማለት አያስቸግርም። ወ/ በአባትና በአያት ዓምድ ወልደ ነው፣ በሴት ተማሪ ስም ላይ ግን ወለተ ሊሆን ይችላል።

ተ/ን እስካሁን በደንብ አልፈታነውም። ተ/ሃይማኖት ተክለ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ተ/ማርያም ግን ተክለም ተስፋም ሊሆን ስለሚችል በግምት መሙላቱን ትተነዋል። ለጊዜው ሁለቱም አጻጻፍ በፍለጋ ዓምዱ ገብቶ መዝገቡ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ቤተሰብ ለምዝገባ ሲመጣ ተጠይቆ ይስተካከላል።