ሉክሶር፦ ሦስት ሰው፣ አንድ ኪቦርድ

ከካይሮ ወደ ሉክሶር በሌሊት ባቡር የምትሄዱ ከሆነ ጋቢ ያዙ። እኛን «በረሃ አገር ጋቢ ምን ይሠራል?» ብሎ ከሻንጣችን ያስወጣን ኮቻችን ነው። ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ አናታችን ላይ ሲነፍስ አደረ። ቀንስልን ያልነው ተቆጣጣሪ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና ትከሻውን ሰብቆ አለፈ። ያተረፈን ሻይ ሻጩ ነው፤ ስኳር የበዛበት ጥቁር ሻይ ይዞ በተመላለሰ ቁጥር ብርጭቆውን ለመጠጣት ሳይሆን እጃችንን ለማሞቅ እንገዛው ነበር። መንገዱ 10 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከቦሌ እስከ ካይሮ ስለነበረው በረራና ስለ ቪዛው ጣጣ አላወራም፤ አልፏል፣ ተገላግለናል።

የሄድነው ለአፍሪካና ለአረብ አገራት ዩኒቨርሲቲዎች የፕሮግራሚንግ ሻምፒዮና ነው፤ የዓለም አቀፉ የአይሲፒሲ ውድድር የቀጠናው ፍጻሜ ማለት ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ ሦስት ተማሪ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ 5 ሰዓት። ኢንተርኔት የለም፤ የሚፈቀደው አትማችሁ የያዛችሁት ማስታወሻ ብቻ ነው። ለፈታችሁት ጥያቄ ሁሉ ወንበራችሁ ላይ ባሎን ይታሰርላችኋል። ኮዳችሁ ተሳስቶ ከተመለሰና ጥያቄውን በኋላ ከፈታችሁት፣ ለእያንዳንዱ ስህተት 20 ደቂቃ ይጨመርባችኋል። በወሬ ቀላል ይመስላል። አንድ ኪቦርድ ለሦስት ሰው ግን ባልና ሚስት የሚያፋታ ነገር ነው።

ከባቡር ጣቢያው እስከ ሆቴላችን ባለ ታክሲው 400 ፓውንድ አለን። እየተከራከርን ሳለ ከየት እንደመጣን ጠየቀ። «ኢትዮጵያ» ስንለው «ሳድ!» ብሎ ጮኸ፤ ግድቡን ማለቱ ነው። ሁለት እጁን ከመሪው አንስቶ ውሃ ሲገደብ በአየር ላይ አሳየን። ሦስታችንም ጭጭ አልን፤ ኮቻችን በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። ሰውየው ከትከት ብሎ ሳቀና «ኻላስ (በቃ)፣ 150» አለ። ግድቡ ዋጋ ያስቀነሰልን መስሎን ደስ ብሎን ከፈልን። በማግስቱ የሆቴሉ ዘበኛ ትክክለኛው ሒሳብ 60 መሆኑን ነገረን። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝና በታክሲ መበላት ብርቄ አይደለም፤ ያበሸቀኝ አመስግነን መውረዳችን ነው።

ጊዜው የገና ጾም ነበር። በመጀመሪያው ምሽት እራቱ ዶሮ በዶሮ ሆነ። ሁለታችን ጿሚዎች ነን፤ ሦስተኛው ጓደኛችን ሙስሊም ስለሆነ የሦስት ሰው ዶሮ ብቻውን ደረሰው፤ ቅር አላለውም። እኛ ሩዝና ቲማቲም ስንቆነጥር አንድ ጸጉሩ የሸበተ አስተናጋጅ ሳህናችንን አየት አደረገና ጎንበስ ብሎ «ስያሚ?» አለ። ግራ ሲገባን የቀኝ እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ አንጓውን አሳየን፦ አረንጓዴው የደበዘዘ ትንሽ የመስቀል ንቅሳት። ለካ ኮፕት፣ የግብፅ ኦርቶዶክስ ነው፤ «ስያሚ» ያለን የጾም ነው ወይ ማለቱ ነው። እነሱም እየጾሙ ነው። ወጥ ቤት ገብቶ ፉል በዘይት፣ ትኩስ ጣሚያ (የባቄላ ጥብስ) እና ታሂና (የሰሊጥ ለውስ) በትሪ ሞልቶ መጣ። ከዚያ በኋላ እስክንመለስ ድረስ ሳንጠይቀው ያመጣልን ነበር። ጉርሻ ብንሰጠው እጃችንን ጨብጦ መልሶ አስያዘን።

የሉክሶርን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ ካርናክን፣ ያየነው በኮቻችን ግፊት ነው፤ በተማሪ መታወቂያ ግማሽ ዋጋ ነው። 134ቱ ግዙፍ አምዶች መሃል ሰው ሁሉ አንገቱ እስኪዞር ሽቅብ ያያል። እኔ የላሊበላን ቁልቁል ማየት ይሻለኛል፤ ቢያንስ አንገት አያምም።

ውድድሩ ከመቶ በላይ ቡድን በተሰለፈበት አዳራሽ ተጀመረ። ቀላሉን ጥያቄ ቶሎ ጨረስንና ቢጫ ባሎን መጣልን። ሁለተኛው ላይ «ሮንግ አንሰር» ተባልን። አስተካክለን ላክን፤ አሁንም ሮንግ አንሰር። የጣቱ ፍጥነት የሚያስቀናው ጓደኛችን ኪቦርዱን አልለቅም አለ፤ የሒሳቡ ሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ፈትቶ ወንበሩ ጀርባ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። በመጨረሻ ኮዱን አሳትሜ ወረቀቱን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ዘርግቼ በእስክርቢቶ መስመር በመስመር ወረድኩበት። ጥያቄው እስከ 200,000 ቁጥር ይሰጣል፤ እያንዳንዱ እስከ 1 ቢሊዮን ይደርሳል። ድምሩ የተቀመጠው ግን «ኢንት» በሚባለው ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ ውስጥ ነው፤ ኢንት ደግሞ ከ2.1 ቢሊዮን ትንሽ ካለፈ ሞልቶ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጣል። «ኢንት» የሚለውን ሰርዘን ትልቁን ማስቀመጫ «ሎንግ ሎንግ» ብለን ላክን፤ አለፈ። አንድ ቃል 40 ደቂቃ አስቀጣን።

አጠገባችን የነበሩት ሶርያውያን ሲጮሁም ሲጣሉም አልሰማኋቸውም። አንዱ ይጽፋል፣ ሁለቱ ወረቀት ላይ ናቸው፤ ኪቦርዱ ላይ የሚቀመጠው አስቦ የጨረሰ ብቻ ነው። ወንበራቸው በባሎን ብዛት ሊነሳ ደርሶ ነበር። እኛ ኪቦርዱ ላይ ቁጭ ብለን ነበር የምናስበው። አራት ባሎን ይዘን ወጣን፤ ደረጃችንን ኮቻችን ለዲፓርትመንቱ ይንገር።

በመልሱ ባቡር ጋቢ ባይኖርም ፎጣ ተከናንበናል። የሒሳቡ ሰውና ባለ ፈጣን ጣቱ አምስተኛው ጥያቄ ላይ ክርክር ገጠሙ፤ ኮቻችን «ተኙ!» ቢል የሚሰማው አጣ። ካይሮ ሳንደርስ መፍትሔው ሻይ በፈሰሰበት ሶፍት ላይ ተገኘ። ኮዱ 30 መስመር አይሞላም።