ከ40 ደቂቃ 9

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። በዚህ ሴሚስተር ራሴን ልፈትሽ ብዬ አንድ ተማሪ መረጥኩ። ለእሱ ሳልነግረው፣ የሚንቀሳቀስበትን ጊዜ ብቻ በሰዓት ያዝኩ። ከ40 ደቂቃ 9 ደቂቃ! የቀረው ሰልፍ፣ የእኔ ንግግርና ተራ መጠበቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ክፍሌ ሞቅ ያለ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚጮኹት የቆሙት ናቸው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 44 ተማሪ፣ 2 ኳስ፣ ሁለት ሰልፍ። አንዱ ኳስ ነድቶ ለመመለስ 10 ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ተራው እንደገና እስኪደርስ 21 ጓደኞቹን ይጠብቃል። ሦስት ደቂቃ ተኩል መሆኑ ነው። እዚያ ቆመው ቢጎነታተሉ ምን ይገርማል? እኔ ደግሞ "ሥርዓት የላቸውም" እያልኩ ሜዳውን በሩጫ አዞራቸው ነበር። ሩጫን ቅጣት አድርጌ፣ መልሼ ሩጫ ውደዱ እላለሁ።

ሰልፉን ትቼ ሜዳውን በአራት ጣቢያ ከፈልኩት። አንዱ ላይ ገመድ ዝላይ፣ አንዱ ላይ ከአሮጌ ካልሲ የተሠራ ኳስ መወርወርና መቅለብ፣ አንዱ ላይ ሚዛን መጠበቅ። እውነተኞቹ ኳሶች አራተኛው ላይ ናቸው፤ እዚያ በጠባብ ቦታ 3 ለ 3 ይጫወታሉ። ሰው ሲያንስ ኳሱ ለሁሉም ይደርሳል፤ መደበቂያም የለም።

የመጀመሪያው ሳምንት ጉድ ነበር። ፊሽካ ስነፋ ግማሹ ይቀየራል፣ ግማሹ ይጫወታል። አንዱ ቡድን ገመድ ዝላይን ዘሎ በቀጥታ ኳስ ጋ ሄደ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሙሉ ክፍለ ጊዜ መቀያየሩን ብቻ አለማመድኳቸው። ፊሽካ ሲነፋ ኳስ መሬት፣ ዕቃ ወደ ቦታው፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። አሰልቺ ነው፤ ግን ያ ቀን ባይኖር ኖሮ ነገሩን እተወው ነበር።

ያልጠበቅኩት ሌላ ነው። ሁልጊዜ "ሆዴን አሞኛል" እያለች ጥግ የምትቀመጥ ተማሪ አለችኝ። ሰነፍ ናት ብዬ ደምድሜ ነበር። ጣቢያው ከተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ራሷ ተነስታ መወርወሪያው ጋ ገባች። ኋላ ስጠይቃት "አሁን የሚያየኝ የለም" አለችኝ። ሰልፍ ማለት ለካ ተመልካች ማለት ነው፤ ሃያ ምናምን ልጅ አንዱ ሲስት ለማየት ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ መወርወሪያው ላይ ሦስት መስመር አሰመርኩ፤ ቅርብ፣ መካከለኛ፣ ሩቅ። የት እንደሚቆሙ ይመርጣሉ። ጎበዞቹ ቅርቡን መርጠው ይለግማሉ ብዬ ነበር፤ ሁለቴ ካስገቡ በኋላ ግን ራሳቸው ወደኋላ ይሸሻሉ።

አንበል አቁሜ ቡድን ማስመረጥንም ተውኩ። ሁሌ መጨረሻ የሚቀረው ያው ልጅ ነው። የተነካ የሚወጣበት ጨዋታም ቀርቷል፤ ቀድሞ የሚወጣው ልምምዱ በጣም የሚያስፈልገው ልጅ ነዋ። አሁን የወጣ አምስት ጊዜ ዘሎ ይመለሳል።

ቅርጫት ኳስን በ1891 የፈጠረው ጄምስ ናይስሚዝም እንደኛው የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበር። በክረምት አዳራሽ ውስጥ ጂምናስቲክ የሰለቻቸው 18 ተማሪዎች ተሰጡት፤ ሁለት የኮክ ቅርጫት ሰቅሎ 9 ለ 9 አጫወታቸው። ልጆቹን ከመውቀስ ጨዋታውን መቀየሩን እወድለታለሁ። (ለ18 ሰው አንድ ኳስ ማቅረቡን ግን አልደግፍም!)

ባለፈው ሳምንት ሌላ ተማሪ መርጬ ደግሜ ለካሁ። 23 ደቂቃ። ከቀረው ውስጥ 6 ደቂቃው የእኔ ማብራሪያ ነው። ለቀጣዩ ሳምንት ሰዓቱን ለአንድ ተማሪ እሰጥና 1 ደቂቃ ሲሞላ እንዲያቋርጠኝ አደርጋለሁ። ማን እንደሚይዘው ሲጣሉ ሰንብተዋል።