ካልሲ፣ ሱሪ፣ ሆድ

ካልዞኔን (ታጥፎ የሚጋገረውን የጣልያን ፒዛ) ስንት ጊዜ በልቼ ስሙን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ለካ የመጣው «ካልሳ» ከሚለው የጣልያን ቃል ነው፤ ረጅም ካልሲ ማለት (የእኛም «ካልሲ» ከዚያው ቤት ነው የመጣው)። መጨረሻው ላይ ያለው «ኦኔ» ነገሩን ተለቅ ያደርገዋል። ካልዞኒ ካሉ ደግሞ፣ ያው ሱሪ ነው። ሱሪ በላሁ ብሎ ማውራት ይከብዳል እንጂ።

የጣልያኗ ከተማ የኔፕልስ ካልዞኔ በፒዛ ሊጥ ነው የሚሠራው። ክብ አድርገው ይዘረጉታል፣ ግማሹ ላይ ሪኮታና ሞዛሬላ የሚባሉ አይቦችና ሳላሚ (የደረቀ ቋሊማ) ይከምሩበታል፣ ከዚያ አጥፈው ጠርዙን በጣት ጥብቅ አድርገው ይደፍኑትና ወደ ምድጃ። ጠርዙ በደንብ ካልተደፈነ አይቡ ፈስሶ ያልቃል።

እኔ ግን የምወደው የደቡብ ጣልያኗን የፑሊያን ፓንዜሮቶ ነው። አነስ ይላል፣ በዘይት ይጠበሳል፣ ውስጡ ቲማቲምና ሞዛሬላ ነው። ስሙ «ፓንዛ» ከሚለው ነው የመጣው፣ ሆድ ማለት ነው፤ ዘይት ውስጥ ሲገባ እንደጠገበ ሆድ ንፍት ሲል ላየው ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የፑሊያ ዋና ከተማ ባሪ ላይ መጀመሪያ ቀን ችኩል ብዬ መሀሉን ገመጥኩት። እንፋሎቱ አፌ ውስጥ፣ ቲማቲሙ ሸሚዜ ላይ! አጠገቤ የነበሩት ሁሉ ጎንበስ ብለው፣ ከጫፉ ቆንጠር አድርገው፣ እፍ እያሉ ነበር የሚበሉት።

ስሞቹ ደግሞ ከተማ ሲቀየር ይቀየራሉ። ኔፕልስ ሄዳችሁ ፓንዛሮቲ ብትሉ የተጠበሰ የድንች ጥቅል ይሰጧችኋል። ባሪ ላይ የሽንኩርት ካልዞኔ ካላችሁ ደግሞ የሚመጣው ሽንኩርትና ወይራ የሞላው፣ ከላይም ከታችም ሊጥ ያለው ክብ ነገር ነው። ሱሪም አይመስልም።